ካንዴላዋ ምን አጠፋች?

መልካ ወረር ላይ ሞተር ሳይክል ከታመመ መድኃኒቱ ከምርመራው በፊት ይታወቃል። ጠዋት አልነሳ ቢል ካንዴላ። ቤንዚን ቢያበዛ ካንዴላ። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ነዳጅ ሲሰጡት ቢያንኳኳ፣ እሱም ካንዴላ። መካኒኩ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፤ «ጋሼ፣ ካንዴላዋ ሞታለች» ይላል፤ አሮጌዋን ፈትቶ ጣሳ ውስጥ ይወረውርና አዲሷን ያስራል። አዋሽ ሰባት ኪሎም ሎግያም ሰመራም ያው ነው። እኔ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ከፍዬበታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሞተሬ እያንኳኳ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጣጣው የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ማንኳኳቱን ሁሉ «ኖክ» እያልን ሁለት የማይዛመዱ በሽታዎችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው የብረት ነው፤ የቢዬላ ኩሽኔታ ሲበላ ወይም ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ሲላላ የሚመጣ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራም ይሰማል፣ ዙሩ ሲጨምር አብሮ ይፈጥናል፤ መቶ ካንዴላ ቢቀያየርለት ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው የእሳት ነው። ካንዴላዋ ትለኩሳለች፤ እሳቱ ከእሷ ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ዳር ላይ ያለው ገና ያልነደደ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ግን ሙቀቱና ግፊቱ በዝቶበት፣ እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ጠርሙስ ውስጥ ምስማር ሲናጥ የሚመስለው ድምፅ ይህ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ይመጣል፣ ሲለቁት ይጠፋል፤ ማርሽ አንድ ቢቀንሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ፍንዳታ የሚሆነው ካንዴላዋ ለኩሳ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ነው።

ለኳሹን መወንጀል የኛ ፈጠራ አይደለም። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ መሐንዲስ በባትሪ የሚለኩስ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ሞተሮች ሲያንኳኩ ጣት የተቀሰረው በእሱ መሣሪያ ላይ ነው። ሰውየው አብሮት ለሚሠራው ለቶማስ ሚጅሊ ምርመራውን ሰጠው፤ ጥፋቱም ከነዳጁ ተገኘ። ሚጅሊ በ1921 እ.ኤ.አ. ቤንዚን ላይ የእርሳስ ቅመም ጨምሮ ማንኳኳቱን አስቆመ። ያ ቅመም ደግሞ ዓለምን ሲመርዝ ኖረ፤ ለመኪና መሸጡ በመጨረሻ አልጄሪያ ላይ የቆመው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ የተረገመ ነበር። ምርመራው ግን ትክክል ነበር፤ እኛ እሱንም ዘለልነው።

የእኔ ሞተር የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ወረር 740 ሜትር ግድም ላይ፤ ሰመራ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በዚህ ቁልቁለት የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። ሲሊንደሩ በአንድ ጉርሻ የሚውጠው አየር በዛ፣ ሲታመቅም ግፊቱ በረታ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካርቡራተሩ ለደጋው ቀጭን አየር ሲባል ቤንዚን ተቀንሶበት ከሆነ፣ እዚህ ለሚገባው አየር ቤንዚኑ አይበቃም፤ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግለዋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ እያንኳኳ ሲሄድ ቾኩን በጥቂቱ መሳብ፤ ድምፁ ከቀነሰ ተጠርጣሪው ካርቡራተሩ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ይህን የሞከረልኝ አልነበረም። እኔም አላወቅሁም ነበር፤ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም።

ጭቃውን ማን ያስባል? የአሚባራ መስኖ መረሬ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ይደርቃል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር እንዲህ ሲሆን በአርባ ዲግሪ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ቤንዚኑስ? ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ በጋላፊ ገብቶ በሰመራና በአዋሽ በኩል ሽቅብ ያልፋል፤ ማደያ ሲደርቅ ግን ባለሞተሩ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ይገዛል። ያ ቤንዚን ላምባ ከተቀላቀለበት ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ካንዴላ እንድታስተካክል መጠበቅ ምጣዱ ቢያሳርር እሳት መጫሪያውን እንደ መቀየር ነው።

እንዲህ ስል ካንዴላ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ እንዳይመስል። የምትቀየርበት ጊዜ አለ፤ ያኔም የምንመርጥበት መንገድ ያስቆጣኛል። «ጥርሷ ገብቷል? በቃ!» ነው ነገሩ። ካንዴላ ግን የሙቀት ቁጥር አላት። ቀዝቃዛ የምትባለዋ ሙቀቷን ቶሎ ወደ ቴስታታው የምታስተላልፍ፣ ሙቅ የምትባለዋ ደግሞ ይዛ የምትቆይ ናት። ጫፏ ከ450 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥላሸት ይይዛታል፤ ከ800 በላይ ሲግል ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ራሷ እንደ ፍም ትለኩሳለች፤ ያኔ በእርግጥም ጥፋተኛ ናት። «ሙቅ ካንዴላ ጠንካራ እሳት ትሰጣለች» የሚለው የገበያ ወሬ መሠረት የለውም፤ ሙቀቷ ከብልጭታዋ ጋር አይገናኝም። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላዋ ትቀዘቅዛለች፤ ቦሽ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። አንዱን በሌላው ቁጥር የቀየረ መካኒክ ቆላ ላይ ምን እንዳደረገ አስቡት። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚጠቀሙባት የኤንጂኬ ዲ8ኢኤ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ «ዲ» 12 ሚሊ ሜትር የጥርስ ውፍረት፣ «8» የሙቀት ቁጥሯ፣ «ኢ» 19 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ይህን ማንበብ የመካኒክ ፊደል ነው። ሮንዴላዋ ጠፍታ ወይም ላልታ የታሰረች ካንዴላም ሙቀቷን ማስተላለፊያ ስለምታጣ ትግላለች፤ አዲሷን በእጅ እስኪያቆም አጥብቆ በቁልፍ ግማሽ ዙር መጨመር ይበቃል።

የሚገርመኝ ይህ የሚሆነው ወረር ላይ መሆኑ ነው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚህ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚታወቀው «ይህ የጥጥ ዝርያ ይህን ሙቀትና ይህን ጨዋማ አፈር ይችላል ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የደጋ ዘር አምጥቶ እዚህ የሚዘራ ገበሬ ይሳቅበታል። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ሲመጣ ግን ማንም አይጠይቅም።

መካኒኩ የራሱ እውነት አለው። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ለምርመራ የሚከፍል የለም፤ ሰው የሚከፍለው በእጁ ለጨበጠው ዕቃ ነው። ካርቡራተር ፈትቶ ሁለት ሰዓት የደከመ ሰው «ምን ቀየርክ?» ይባላል። ስለዚህ ካንዴላ ይሸጣል። አሮጌዋ ካንዴላ ግን ምስክር ናት፤ ቡናማ ከሆነች ደህና፣ ደረቅ ጥላሸት ከያዘች ቤንዚን በዝቷል፣ በዘይት ከራሰች ፋሻ ወይም ቫልቭ ይታይ፣ ከነጣች ግለት አለ። እሷን ሳያነቡ ጣሳ ውስጥ መወርወር ፋይሉን ሳይከፍቱ መፍረድ ነው።

ሦስተኛዋን ከጣሳው እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። ሳቀና «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራልዎታለች ጋሼ?» አለኝ። ወደ ፀሐይ አዙሬ አየኋት። ነጭ አፍንጫዋ ላይ እንደ ጨው የደቀቀ፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ብናኝ ተረጭቶበታል። አሉሚኒየም ነው፤ የፒስተኔ።