የተመለሰው ሳህን ዕዳ የማን ነው?

ሐበሻ እርማት አይወድም ይባላል። የአዲስ አበባ ሬስቶራንት ባለቤቶች ሲገናኙ ይህንኑ በሙያቸው ልክ ይቆርጡታል፦ አስተናጋጁ ያየውን ጥፋት አይናገርም፣ ወጥ ሠሪዋ ሲነግሯት ታኮርፋለች፣ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ለፊት አቀርቅሮ ዞር ሲሉ ያማል። ጥፋተኛው ይሉኝታ ነው ተብሎ ይፈረዳል። ከዚያ አሠልጣኝ ይመጣል፣ ፕሮጀክተር ይተከላል፣ ስለ ግልጽነት ግማሽ ቀን ይሰበካል፣ በመጨረሻም ጓዳ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ይሰቀላል። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው።

ይሉኝታ የለብንም አልልም። በሬስቶራንት ውስጥ ያለውን ዝምታ ግን አይገልጸውም። ያው አፉን የማይከፍት አስተናጋጅ፣ የምሳ ግርግር አልፎ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሠራተኛ ምግብ ሲቀርብ፣ ባለቤቱም ወጣ ሲል፣ አንደበቱ ይፈታል። የዛሬው ጥብስ ጎማ እንደነበር፣ ሰላጣው በውኃ ነካ ተደርጎ እንደወጣ፣ ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል። ሠሪዋም እዚያው ተቀምጣ መልሷን ትሰጠዋለች። አስተያየቱ አለ፣ ያውም ስለታም ነው። ባለቤቱ ጆሮ አይደርስም እንጂ።

ሌላም ማስረጃ አለ፣ ከዚሁ አገር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና መቀበል ከጀመረ ወዲህ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ጅማ ባሉት ላቦራቶሪዎች የተቀመጡ ቀማሾች የሰው ንብረት ላይ ሲፈርዱ ይውላሉ። ናሙናው በኮድ ይመጣል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በማንኪያ ፉት ይሉታል፣ ይተፉታል፣ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለታጠበ ቡና ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ለሲኒው። አፈር አፈር የሚለውን ቡና አፈር አፈር ይላል ብለው ይጽፋሉ፣ የአቅራቢው ገቢ ሲወርድም ከንፈር አይመጡም። እነዚህ ሰዎች ያደጉት ከአስተናጋጁ ጋር በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት ቁንጥጫ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ቀማሹ እውነቱን ስለተናገረ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የለም።

ወደ ሬስቶራንቱ እንመለስ። ረቡዕ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ቤቱም ጾምም ፍስክም የሚሠራ። ምድጃው ላይ ሁለት የሽሮ ድስት ጎን ለጎን ይንተከተካል፤ አንዱ በዘይት፣ አንዱ በቅቤ። ለየድስቱ አንዳንድ ጭልፋ ተመድቦ ነበር፣ ግን ሠሪዋ አንድ ናት፣ ግርግርም ነው። አስተናጋጇ መስኮቱ ላይ ቆማ በያይነቱዋን ስትጠብቅ፣ ከቅቤው ድስት የወጣው ጭልፋ የጾሙ ድስት ውስጥ ሲገባ በዓይኗ አየች። አሁን ምን ታድርግ?

«እትዬ፣ ጭልፋው ተነካካ» ብትል ድስቱ ሙሉ መደፋት አለበት። የተደፋው ሽሮ የሚጻፈው በሠሪዋ ስም ነው። ሠሪዋ ደግሞ የአስተናጋጇን ዕለታዊ እንጀራ በእጇ ይዛለች፤ ከነገ ጀምሮ የእሷ ትእዛዝ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፣ የዘገየበት ደንበኛ ቲፕ አይተውም። ለባለቤቱ ብትናገር ሠሪዋ ትቀጣለች፣ እሷም ነገር አመላላሽ ተብላ በዚያ ጓዳ ውስጥ አትኖርም። ዝም ብትልስ? አብዛኛው ተመጋቢ አይለየውም። አንዱ ጿሚ የቅቤው ሽታ ቢመጣበትና ሳህኑን ቢገፋ ግን ጣጣው እሷ ላይ ይወድቃል። በብዙ ቤት አስተናጋጁ ምግቡን ከራሱ ኪስ ለካሸር ከፍሎ ያወጣና ከደንበኛው ይቀበላል፤ የተመለሰ ሳህን እጁ ላይ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ታሰላለች። መናገሩ በርግጠኝነት ያስከፍላታል፤ ዝም ማለቱ የሚያስከፍላት ምናልባት ነው። በያይነቱውን ተቀብላ ትሄዳለች።

እዚህ ውስጥ ይሉኝታ የቱ ጋ ነው? ሠሪዋን አፍራ አይደለም ዝም ያለችው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኑ ጭልፋ አንሥታ ትሞልጫታለች። ለባለቤቱ በጊዜ ሊደርስ የሚገባው ወሬ ግን ቀርቷል፤ እሱ የሚሰማው ጿሚው ተቆጥቶ ከወጣ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ስለ ሠራተኛ ሥነ ምግባር ያማርራል። ይህን ስሌት የሠራው ራሱ መሆኑን አያየውም። ሳህን ሲመለስ በማን ሒሳብ እንደሚያዝ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ከማን እንደሚቆረጥ፣ ቲፑ ለአዳራሹ ብቻ ሲሄድ ጓዳው ምን እንደሚያገኝ የወሰነው እሱ ነው። ከቲፑ ምንም የማይደርሳት ሠሪ፣ «ደንበኛው ጨው በዛ አለ» ሲሏት የምትሰማው የወጡን ነገር ሳይሆን የሌላ ሰው ገቢ መጓደሉን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለዚህ ጉዳይ የሚለው አለው። ከደመወዝ መቁረጥ የሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። የስንቱ ቤት ብርጭቆ በዚህ መንገድ እንደሚቆረጥ መገመት አያዳግትም። ይኸው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አይመጥንም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። አስተናጋጅ በየጥቂት ወሩ በሚቀያየርበት ሙያ፣ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ገና በሙከራ ላይ እንዳሉ አስቡ። ቤቱን በአዲስ ዓይን የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ አፋቸውን ሊከፍቱ የማይችሉትም እነሱው።

ዝምታው የሐበሻ ነው የሚሉም አውሮፓን ይጎብኙ። እ.ኤ.አ. በ1890 የለንደኑን ሳቮይ ሆቴል ወጥ ቤት የተረከበው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ በፈረንሳይና በፕረሻ ጦርነት በጦሩ ማብሰያ ቤት ያገለገለ ሰው ነበር። ጓዳውን እንደ ጦር ክፍል በማዕረግና በምድብ ሸነሸነው፤ ከታች ያለው ሠራተኛ መልሱ «ዊ፣ ሼፍ» ብቻ ሆነ። በፈረንሳይ ይሉኝታ አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«ቅጣት ከቀረ ሠራተኛው ሳህን ይሰብራል፣ ምግብ ያባክናል» የሚል አይጠፋም። ለቀልድ ሳህን የሚሰብር ሰው ካለ ማሰናበት ነው፤ በእሱ ምክንያት የሌላውን ሁሉ አፍ መዝጋት ምን የሚሉት ብልሃት ነው? የኒውዮርኩን የሬስቶራንቶች ባለቤት ዳኒ ማየርን የሚጠቅሱም አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ቲፕ አስቀርቶ የአዳራሹንና የጓዳውን ገቢ ሊያቀራርብ ተነሣ፣ በ2020 ተወው። በኮሮና ዘመን ሬስቶራንቶች ተዘግተው የተተወ ነገር ስለ ሐሳቡ ምንም አያረጋግጥም፤ ደግሞም እኔ ቲፕ ይቅር አላልኩም፣ ለጓዳውም ይድረስ ነው የምለው።

ሊሠራ የሚገባው ጥቂት ነው። የተመለሰ ሳህን በቤቱ ወጪ ይያዝ፣ ከነምክንያቱ በአንድ ደብተር ይጻፍ፣ ያጠፋው ሰው ስም አይጻፍ። ያቺ አስተናጋጅ ጭልፋውን ባየች ጊዜ ድስቱን ማስደፋት ትችል፣ ከማንም ኪስ ሳይወጣ። ቲፑ ሲካፈል ሠሪዋና ዕቃ አጣቢዋ ይቆጠሩ። ደብተሩ በየማለዳው ፈረቃ ሳይጀመር፣ ባለቤቱ ባለበት ይነበብ፣ የእሱም ጥፋት ይግባበት፤ ረቡዕ ዕለት ለሁለት ድስት አንድ ሠሪ የመደበው እሱ ነውና። ይህን ያደረገ ባለቤት ለአሠልጣኝ ያሰበውን ገንዘብ ተጨማሪ ጭልፋ ይግዛበት፤ ሠራተኞቹ መናገር ያውቃሉ።