የሠራተኛ ደም በፓስፖርት አይተመን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2004 ኢራቅ ውስጥ ታግተው የተገደሉት 12 ኔፓላውያን ወታደሮች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከአገራቸው የወጡት ዮርዳኖስ ሆቴል ውስጥ ትሠራላችሁ ተብለው ነው። አል አሳድ ወደተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲወሰዱ ግን መንገድ ላይ በታጣቂዎች እጅ ወደቁ። አሠሪያቸው የዮርዳኖስ ኩባንያ፣ ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋዋለው የኬቢአር ኩባንያ ንዑስ ተቋራጭ ነበር። ለቤተሰቦቻቸው ካሣ እንዲከፈል የታዘዘው በ2008 ነው። በኬቢአር ላይ የመሠረቱት ክስም በ2017 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ ቀረ።

አሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ሕግ አላጣችም። ከ1941 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ በውጭ አገር ጦር ሰፈሮቿ የሚያሠራ ተቋራጭ ሁሉ ለሠራተኛው የመድን ሽፋን እንዲገባ ያስገድዳል፤ የሠራተኛው ዜግነት አይጠየቅም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ንዑስ ተቋራጩ መድን ሳይገባ ቢገኝ ዕዳው ወደ ዋናው ተቋራጭ ይዞራል። ጉዳቱ የጦርነት አደጋ ያስከተለው ከሆነም፣ የመድን ድርጅቱ የከፈለውን ካሣ የአሜሪካ መንግሥት ይተካለታል። ታዲያ የሟች ቤተሰብ ለዓመታት የሚጉላላበት ምን ምክንያት አለ?

ይኸው ሕግ ግን ነውር አለበት። ተጎጂው አሜሪካዊ ካልሆነና ነዋሪነቱም በአሜሪካ ወይም በካናዳ ካልሆነ፣ ወደፊት ሊከፈል የሚገባው ካሣ በግማሽ ተቀንሶ በአንድ ጊዜ እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ካሣው የሚሰላው ከደመወዝ ነው፤ የድሃ አገር ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከመነሻውም ዝቅተኛ ነው። በአንድ ፈንጂ አብረው ከሞቱ ሁለት ሰዎች የአንዱ ልጆች ትንሿም ድርሻ እንደገና ለሁለት ትከፈልባቸዋለች። ይህ አንቀጽ መሰረዝ አለበት። ጥያቄ ለማቅረብ የተቀመጠው የአንድ ዓመት ገደብም ሕጉን ሰምታ ለማታውቅ የገጠር ባለቤት ወጥመድ ነው። ቤተሰቡን ፈልጎ ማሳወቅ ሠራተኛውን የወሰደው አሠሪ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ነገሩ ከእኛ ቤትም አይርቅም። በ2024 ሊባኖስ በቦምብ ስትደበደብ፣ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ከሸሹ የቤት ሠራተኞች መካከል ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ነበሩ። የዚያች አገር የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ እንዳደረገ ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ዜጋችን ድንበር ሲሻገር ይህ መርህ ኬላ ላይ ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚፈራረማቸው ስምምነቶች ውስጥ ሦስት ነገሮችን እንዲያስገባ እንጠይቃለን። የመድን ውሉ የጦርነትን አደጋ ከሽፋኑ አያስወጣ። ሠራተኛው ሳይስማማ ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ውጊያ ቀጣና ከተወሰደ አሠሪውና ኤጀንሲው በአንድነትና በተናጠል ሙሉ ካሣ ይክፈሉ። ጦርነት ሲነሳ ሠራተኛውን የማስወጣት ወጪ የአሠሪው ይሁን።

ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ወገኖቻችንም፣ የምትሠሩበት አገርና ቦታ በስሙ ያልተጻፈበትን ውል አትፈርሙ።