ለብዙኃን የተቀረጸ፣ ለጥቂቶች የታተመ

በእጅ ታትመው የሚወጡ ውድ የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች ሲወደሱ የቅጂያቸው ማነስ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ማነሱ እንደ ክብር ይቆጠራል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሥዕሉ በእንጨት የተቀረጸ ሲሆንማ ጭራሽ አልቀበለውም።

የእንጨት ቅርጽ ህትመት ለብዙዎች እንዲደርስ የተፈጠረ ጥበብ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ተሳላሚው የቅዱሳንን ሥዕል በአንድ ነጠላ ወረቀት ታትሞ በርካሽ ይገዛ ነበር። የተቀረጸው እንጨት ከእርሳስ ፊደል ጋር በአንድ ከፍታ ስለሚቆም ሥዕልና ቃል በአንድ ጊዜ ይታተማሉ፤ እንደ መዳብ ቅርጽ ሌላ መጭመቂያ አይፈልግም። አልብሬኽት ዱረር በ1498 የዮሐንስን ራእይ በ15 ትላልቅ ሥዕሎች ሲያወጣ በጀርመንኛም በላቲንም አሳተመው። ህትመቶቹን ባለቤቱ አግነስ ገበያ ይዛ ወጥታ ትሸጥ ነበር።

አሁን ወደ 1931 እንምጣ። እንግሊዝ ውስጥ ጎልደን ኮክረል የተባለው ማተሚያ ቤት አራቱን ወንጌላት በኤሪክ ጊል ቅርጾች አወጣ። ገጾቹ ያስደንቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ቃላት ፊደላት ገዝፈው ይቆማሉ፤ ሰዎቹ በመካከላቸው ይገባሉ፣ ይደገፏቸዋል፣ ይንበረከኩባቸዋል። ሥዕሉ ከቃሉ አጠገብ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የቃሉ አካል ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ የታተመው በ500 ቅጂ ብቻ ነው! እንጨቱ ደክሞ አይደለም፤ በጠንካራ እንጨት ላይ በደንብ የተቀረጸ ሥዕል ብዙ ሺህ ቅጂ ይሰጣል። አንዳንድ አታሚዎች ደግሞ እትማቸው እንዳይደገም ብለው ቅርጹን ሆን ብለው ይጭሩታል። የወንጌልን ሥዕል!

በእጅ የተሠራ ወረቀት ውድ ነው፤ ፊደል መልቀምም ጊዜ ይበላል። ይህ የአንዱን እትም ዋጋ ያስረዳል፤ ሥዕሉ ከሌላው አንባቢ እንዲከለከል ግን ምክንያት አይሆንም።

አሜሪካዊው ባሪ ሞዘር ይህን አሳይቷል። በ1999 ለወጣው የፔኒሮያል ካክስተን መጽሐፍ ቅዱስ ከ230 በላይ ሥዕሎች ቀረጸ፤ የቀረጸውም በእንጨት ምትክ በተሠራ ሰው ሠራሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ትልቁ እትም 400 ቅጂ ነበር፣ ዋጋውም 10,000 ዶላር። ነገር ግን እነዚያው ሥዕሎች በተራ የመጻሕፍት መደብር በሚሸጥ እትምም ወጡ።

ቅዱስ ቃሉን በእጃችሁ የምታትሙ ባለሙያዎች ሆይ፣ ውዱን እትም አሳምራችሁ ሥሩ። ቅርጹን ግን አትጫሩት፤ ለተራው አንባቢም አትሙበት።