ጋሻውን ሳንይዝ ጦሩን አንሽጥ

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዱባይና ከጓንግዡ በሚመጣው ካርቶን ውስጥ፣ ከጫማውና ከስልክ መሸፈኛው ጋር፣ ጥቁር የፕላስቲክ ሽጉጥና «ክላሽ» ያስመጣነው እኛው ነጋዴዎቹ ነን። እዚሁ ካምዎክያ ከሱቃችን ፊት ሰቅለን ሸጠናል። እናት መጥታ «ለልጄ ልደት ነው» ስትለን «እትዬ፣ ይሄ ነው የሚሄደው» ብለን ጠቅልለን ሰጥተናል። ዓይኑን የሚከልልበት መነጽር አለው ወይ ብለን አልጠየቅናትም። የት ነው የሚጫወተው ብለንም አልጠየቅንም። ገንዘቡን ቆጥረን ተቀበልን፣ በቃ።

አሁን የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ኤርሶፍት የሚባለውን ጨዋታ ካመጣነው ከነጭምብሉ፣ ከነደንቡና ከነሜዳው ሙሉውን እናምጣው። ይህን ካልቻልን እጃችንን እናንሳ። ግማሹን መሸጥ ይብቃን።

ለማያውቀው ባጭሩ እንንገር። ኤርሶፍት በስፕሪንግ፣ በጋዝ ወይም በባትሪ ኃይል 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ነው፤ መልኩ ከእውነተኛው መሣሪያ አይለይም። የተጀመረው ጃፓን ነው። እዚያ አገር ተራው ሰው መሣሪያ መያዝ በሕግ እጅግ ጥብቅ ስለሆነበት መሣሪያ የሚወድ ሁሉ ፍላጎቱን በመጫወቻ ተወጣ። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 በባትሪ የሚሠራውን አውቶማቲክ ካወጣ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን አዳረሰ። በሁለት ቡድን ይጫወቱታል። የተመታ እጁን አንስቶ፣ ቀይ ጨርቁን አሳይቶ «ተመታሁ» ብሎ ይወጣል። እንደ ፔንትቦል ቀለም ስለማይረጭ መመታቱን የሚያውቀው ራሱ የተመታው ነው። ስለዚህ ጨዋታው የቆመው በተጫዋቹ ሐቀኝነት ላይ ነው። ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ልጅን እውነት መናገር የሚያስተምር ጨዋታ ብዙ የለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው ወገናችን ነው ችግሩ። ለእሱ በቁጥር እንመልስለት። 0.20 ግራም የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 100 ሜትር ስትሮጥ አንድ ጁል ጉልበት ትይዛለች። ጃፓን፣ የጨዋታው እናት አገር፣ ከ0.98 ጁል በላይ እንዳይሆን በሕግ ገድባለች። እንግሊዝ ለአውቶማቲኩ 1.3፣ አንድ አንድ ለሚተኩሰው 2.5 ጁል ብላ ወስናለች። እነዚህ አገሮች ለፕላስቲክ ሕግ ያወጡት ሥራ ፈትተው አይደለም። አንድ ጁል እጅ ላይ ቢያርፍ ቀይ ሰንበር ያወጣል፣ ነገ ይጠፋል። ጥርስ ላይ ቢያርፍ ይሰብራል። ዓይን ላይ ቢያርፍ ግን ዓይን ነገ አይበቅልም። ከዓይን ሐኪም ዘንድ የሚከፈለው ደግሞ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ተከፍሎም ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የምንኖርበት ከተማ ነው። ካምፓላ ባንኩ፣ ሱፐርማርኬቱ፣ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ጠመንጃ ያነገበ አስካሪ የሚቆምበት ከተማ ነው። ምክንያቱንም ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2010፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሚታይበት ምሽት፣ ቦምብ ከፈነዳባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ካባላጋላ ያለው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ምግብ ቤት ነበር። ሌላው የራግቢ ክለቡ ሜዳ ነው። በሁለቱ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ደግሞ በተቃውሞው ሰሞን በሁለት ቀን ውስጥ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ በየመንገዱ ሲቪል የለበሱ ታጣቂዎች ይታዩ ነበር። ይህን ባየ ከተማ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ቦዳ ላይ ተቀምጦ፣ ከቦርሳው የጥቁር ጠመንጃ አፈሙዝ ወጥቶ ኪራ ሮድን ሽቅብ ሲሄድ፣ በር ላይ የቆመው አስካሪ ፕላስቲክ መሆኑን በምን ያውቃል? ለማሰብ ያለው ጊዜ ስንት ሰከንድ ነው? የአባቶች አባባል «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይላል፤ የሚፈራው ሁለተኛው ሰው ግን እዚህ ከተማ ውስጥ የተሞላ ጠመንጃ ይዟል።

ይህ የፈሪ ወሬ የሚመስለው ካለ አሜሪካንን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2014 ክሊቭላንድ ከተማ፣ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ደረሰ፤ መኪናው በቆመ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶ መታው። ልጁ ሞተ። በዚያ አገር ሕግ መጫወቻነቱን የሚያሳየው የአፈሙዙ ብርቱካናማ ጫፍ እሱ በያዘው ላይ አልነበረም። ከዓመት በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥም አንድ የ13 ዓመት ልጅ በክላሽ አምሳል የተሠራ ኤርሶፍት ይዞ ሲሄድ እንዲሁ ተገድሏል። ስለዚህ ያንን ብርቱካናማ ጫፍ «አያምርም» ብለው በጥቁር ቀለም የሚቀቡ ልጆች፣ ቀብተውም የሚሸጡ ወንድሞች፣ ምን እንደሚያደርጉ ይወቁት።

ሦስተኛው ለነጋዴው ነው። «መጫወቻ ነው ብዬ አስገባዋለሁ» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አሰያየም መጫወቻ በ9503 ነው። በስፕሪንግ፣ በአየርና በጋዝ የሚሠራ ጠመንጃና ሽጉጥ ግን ምዕራፍ 93 ውስጥ በ9304 ተጽፏል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ሕግም የምዕራፍ 93 መሣሪያዎችን ከተገደቡ ዕቃዎች ዘርዝሯቸዋል። ማላባ ወይም ቡሲያ ላይ ካርቶኑን የሚከፍተው መኮንን የትኛውን ቁጥር እንደሚጽፍ አንተ አትወስንም። ከ9304 ጎን ከጻፈው የተያዘው ሽጉጡ ብቻ አይሆንም፤ አብሮ የተጫነው የአምስት ሰው ጫማና ጨርቅ ይቆማል። የአንዱ ትርፍ የአምስቱ ኪሳራ ይሆናል። ከመጫንህ በፊት ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። በአውሮፕላን ለምታመጣውም፦ የጋዝ ቆርቆሮው በሻንጣም በእጅም አይሄድም፣ ትርፍ ሊትየም ባትሪ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ጫፉ ተሸፍኖ በእጅ ነው የሚያዘው።

አሁን «ታዲያ ጨርሶ ይቅር» ወደሚሉት እንምጣ። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ታላላቆቻችን ናቸው፣ በቡና ላይ ሲሉን ሰምተናል፦ «እኛ ከጠመንጃ ሸሽተን ነው እዚህ የደረስነው፤ ልጆቻችን ደግሞ በገንዘባቸው ይገዙታል?» ይህን ቃል አንንቀውም። ከኛ መካከል የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ዛሬም እንቅልፍ የሚያጣ አለ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ቤተሰብ ይህን ዕቃ ባያስገባ እንመክራለን፤ ለእሱ ጨዋታ አይደለምና። ነገር ግን ለሁሉም «ይቅር» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ልጆቹ በስልካቸው ቀኑን ሙሉ ሲተኳኮሱ ይውላሉ። በግልጽ ከከለከልነው በድብቅ ይገዙታል፤ በድብቅ የተገዛ ደግሞ ያለ መነጽር፣ ያለ ዳኛ፣ በጓሮና በጣሪያ ላይ ነው የሚጫወቱት።

ደግሞስ የጦርነት ጨዋታ ለኛ አዲስ ነው? ጉግስን እናስታውስ። በጥምቀት፣ በመስቀል፣ በሠርግ ፈረሰኛው በሁለት ወገን ተከፍሎ አንዱ ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፣ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይከላከላል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ዛሬም የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓላቸውን ሲያከብሩ የሚያይ ያየዋል። አባቶች ከእውነተኛው ጦር ይልቅ ዘንግ መረጡ፤ ጨዋታውን ከመንደር መንገድ አውጥተው ሰፊ ሜዳ ላይ አደረጉት፤ የሚያይ ሽማግሌ አቆሙ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጋሻ አስያዙ። ጋሻ የሌለውን ማን ጉግስ ያስገባዋል? እኛ ግን ለልጆቻችን ዘንጉን ሸጠን ጋሻውን ትተነዋል። ክርክራችን ይሄው ነው።

እንግዲህ ልጁ መጫወት አለበት ብሎ የወሰነ ቤተሰብ ዕቃውን በዚህ ቅደም ተከተል ይግዛ።

አንደኛ ዓይን። የፀሐይ መነጽር አይሆንም፣ የዋና መነጽርም አይሆንም፤ ተሰብረው ስብርባሪያቸው ራሱ ዓይን ይወጋል። የአውሮፓው ኢኤን 166 ምልክት ያለው፣ ፊት ላይ ዙሪያውን የሚገጥም፣ በላስቲክ የሚታሰር ይሁን። በዚህ ደረጃ ከቁጥሩ ጋር «ኤፍ» የሚል የላቲን ፊደል ካለው የተፈተነው በሰከንድ 45 ሜትር በምትበር ትንሽ የብረት ኳስ ነው፤ «ቢ» ካለው በ120 ሜትር። «ቢ» የሚለውን ምረጡ። የሽቦ ወንፊት መነጽር ላብ አይዝም ይላሉ፣ እውነት ነው፤ ግን የተሰበረች ጥይት ፍርፋሪ በቀዳዳው ይገባል። ላብ ለሚያስቸግረው ድርብ መስታወት ያለው አለ። ጨዋታው እስኪያበቃ ማንም መነጽሩን አያወልቅ፣ ለመጥረግም ቢሆን።

ሁለተኛ አፍና ጥርስ። የታችኛውን ፊት የሚሸፍን ጭምብል። ለልጅ ከዓይን እስከ አገጭ አንድ ወጥ የሆነው ይሻላል። ሦስተኛ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማና ጓንት። ካምፓላ ዝናብ ሲመታ ቀዩ አፈር ሳሙና ነው።

መሣሪያው አራተኛ ነው። ለጀማሪ ከአንድ ጁል የማይበልጥ ይበቃል። ስፕሪንጉ ላይ «ኤም 100» ቢል በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን «ጠንካራ ነው» ብሎ የሚያሞግስላችሁን ሻጭ ትታችሁት ሂዱ። 0.12 ግራም የሆነችውን ርካሽ ጥይት ተዉ፤ ትሰባበራለች፣ መሣሪያውንም ታበላሻለች። 0.20 ወይም 0.25 ግዙ። ብርቱካናማው ጫፍ አይነካ። መጋዘኑ ተነቅሎ፣ አፈሙዙ ተሸፍኖ፣ ዕቃው የመሣሪያ ቅርጽ በማያሳይ ዝግ ቦርሳ ውስጥ ይጓዝ። ከቤት እስከ ሜዳ፣ ከሜዳ እስከ ቤት፣ ለአንድም ደቂቃ መንገድ ላይ አይውጣ። ለፎቶም አይውጣ።

ጨዋታውን ስትመርጡ ደግሞ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሜዳው የታጠረ ነው? የባለቦታው ፈቃድ አለ? ጎረቤቱና የአካባቢው ፖሊስ ያውቃሉ? በር ላይ የእያንዳንዱን መሣሪያ ፍጥነት በመለኪያ የሚፈትሽ ዳኛ አለ? የመነጽር ማውለቂያ ቦታ ተለይቶ በመረብ ተከልሏል? ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ተቀላቅለዋል ወይስ ተለይተዋል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይ» ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በአቅራቢያችሁ እንዲህ ያለ ሜዳ ካጣችሁ በብርሃን የሚተኳኮሱበትን የሌዘር ጨዋታ ፈልጉለት፤ ካልሆነም ኳስ አለ። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ገበያ መሀል የሚደረግ ግን ጨዋታ አይባልም።

ለኛ ለነጋዴዎቹ የቀረው ቃል አጭር ነው። ከዛሬ ጀምሮ መነጽርና ጭምብል የሌለው ሱቅ መሣሪያውን አይስቀል። ብቻውን ለመጣ ልጅ አንሽጥ፤ ወላጁን ይዞ ይምጣ። ቀለም የተቀባ አፈሙዝ አንቀበል። ጉምሩክ ሳንጠይቅ አንጫን። በዚህ ገበያችን ይቀንሳል የሚል አለ፤ አዎ፣ ይቀንሳል። አንድ ሰው ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ሲገዛ ዋጋው ይከብደዋል፣ ግማሹ ትቶ ይሄዳል። ይሂድ። ሽጉጡን ብቻ ገዝቶ የሚሄደው ደንበኛ ነገ አንድ ዓይኑ የታሰረ ልጅ ይዞ በሱቃችን ፊት ቢያልፍ ግን፣ የቆጠርነውን ገንዘብ ምን ብለን እንበላዋለን?

ሳይቃጠል በቅጠል።