ድርድር መቼ ይሞላ? የደመወዝ ግብር ስሌት እንደ ማሳያ

በንግድ ፕሮግራሞች መረጃን ከመረጃ ቋት አንሥቶ ወደ ድርድር፣ በተለምዶ አሬይ ወደምንለው፣ መጫን የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ይስተዋላል። በእኔ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ መረጃው መቼ ይለወጣል የሚለው ነው።

ፍጥነቱ የሚናቅ አይደለም። የ20,000 ሠራተኞችን ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም የግብር ማስከፈያ ልኩን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከቋቱ የሚጠይቅ ከሆነ እነዚያኑ ጥቂት ረድፎች 20,000 ጊዜ ያነባል፤ ድርድር የሚጠቀም ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ረድፎቹ 1,000 ቢደርሱ እንኳ፣ በቅደም ተከተል እስከተቀመጡ ድረስ፣ በሁለትዮሽ ፍለጋ የሚፈለገውን ለማግኘት ከ10 ያልበለጠ ንጽጽር ይበቃል። ትንሽ፣ የረጋና በተደጋጋሚ የሚጠየቅ መረጃ በድርድር ቢያዝ የሚያከራክር አይመስለኝም።

አከራካሪው የመጫኛው ጊዜ ነው። ከኮቦል ዘመን ጀምሮ እሴቶችን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ የመክተት ልማድ አለ፤ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ ድርድሩም አብሮ ይታሸጋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ የ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ልኩ ለዘጠኝ ዓመታት ባለመለወጡ እሴቶቹን በፕሮግራም ማሸግ ጉዳት የሌለው ይመስል ነበር። አሮጌው ድርድር ሳይነካ የቀረበት ፕሮግራም ግን 1,800 ብር ከሚከፈለው ሠራተኛ በየወሩ የማይገባ 127 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆርጣል። ስህተት መኖሩን የሚያሳይ መልእክት አይወጣም፤ ድምሩም ከድምሩ ጋር ይገጥማል። (ብዙዎቻችን የምናመሳክረውም ይህንኑ ነው።)

ስለዚህ ልኩ በቋት ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ረድፍ የሚጸናበትን ቀን ይያዝ፣ ድርድሩም በየስሌቱ መጀመሪያ ለሚሰላው ወር ይሞላ እላለሁ። ያን ጊዜ ከማሻሻያው በፊት ያለ ወር ዳግም ቢሰላ ፕሮግራሙ የዚያን ወር ልክ ያነሣል።

ሳይቋረጡ ለሚሠሩ አገልግሎቶች ይህ አይበቃም፤ “መጀመሪያ” የተባለው ከሦስት ወር በፊት ሊሆን ይችላልና። ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ የሚወሰነውን የውጭ ምንዛሪ ተመን በድርድር የሚያኖር ባለሙያ፣ ድርድሩ በየስንት ጊዜው እንደሚታደስም አብሮ መወሰን አለበት። የደንበኛን ቀሪ ሂሳብ ግን ሌላ ግብይት በዚያው ቅጽበት ሊቀንሰው ስለሚችል፣ በድርድር በተያዘ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ ክፍያ መፍቀድን በፍጥነት ስም አልደግፍም።