ባትሪ ከመንቀል በፊት
ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታ መኪናው ነዳጅ ሲረገጥለት አልሄድ ካለ፣ ብዙ ሰው የሚሮጠው የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ወደመመለስ ነው። መብራቷ ትጠፋለች፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድና ብልሽቱ ሲፈጠር የነበረው የሞተር ዙርና ሙቀትም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይሰረዛል፤ ችግሩ ብቻ ባለበት ይቀራል። ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ገዝቶ፣ ምንም ሳይነቅሉ ኮዱን ቤት ውስጥ መመዝገብ ይሻላል። «ኮዱ ከታወቀማ መካኒክ ለምኔ?» የሚል አይጠፋም። ኮድ ግን ቢበዛ ምስክር ነው፤ አይፈርድም። ለምሳሌ ፒ0171 የተባለው ኮድ የሚለው «ከነዳጁ አየሩ በዝቷል» ብቻ ነው። ይህን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር የገዛ ሰው፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ላስቲክ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ከሆነ ገንዘቡን በከንቱ አፈሰሰ። «ጥሩ መካኒክ በድምፅ ያውቃል» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፦ ሊያውቅ ይችላል፤ ያንን ላስቲክ በእጁ ለጠጥ አድርጎ ሳያይ ዕቃ ካስገዛን ግን የግምቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን። መጀመሪያ ኮዱ ይጻፍ፣ ቀጥሎ ማጣሪያውና ላስቲኩ ይታይ፤ የዕቃ ግዢ መጨረሻ ይምጣ።