የአዋሽ ቡፌና ባለቤቶቹ

ወደ ትንንሽ ከተሞች ተመድበን የምንሄድ አስተማሪዎችና ጸሓፊዎች ስለ ከተማው የመጀመሪያ ፍርዳችንን የምንሰጠው ከቡና ቤቱ ወንበር ላይ ሆነን ነው። ቡና ቤት ይባል እንጂ ከቡናው ይልቅ ቢራው እንደሚበዛበት አንባቢዬ ያውቃል። ዳሩ ግን ያ ቤት ከማን ወደ ማን ሲተላለፍ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል ዛሬ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንውረድ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በወንዙ ገደል አጠገብ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት። በጣቢያዋ ሐዲድ ዳር መጠጥ ቤትም፣ ምግብ ቤትም፣ መኝታም የሆነ ባለ በረንዳ ቤት ተሠራ። ስሙን ቡፌ ዳዋሽ አሉት፤ ቡፌ በፈረንሳዮች ዘንድ በየባቡር ጣቢያው የሚገኝ የመብልና የመጠጥ ቤት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። በ1900 ፈቃዱ እንደገና ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመና በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ግን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል።

የቡፌው ሀብት እንግዲህ ይህ ነው። ሌላው ቡና ቤት ደንበኛውን በሙዚቃ ይጠራል፤ በዱቤም ያባብላል። የአዋሹን ደንበኛ ግን ባቡሩ ራሱ አምጥቶ በደጁ ያወርድለታል፤ እስኪነጋም ድረስ መሄጃ የለውም። አምባሳደሩም ነጋዴውም በአንድ በረንዳ ላይ ሙቀቱን እያማረሩ ያመሻሉ። ኪሱ ያልፈቀደለት ደግሞ በከተማው ውስጥ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የባቡሩ ማደር ለብዙ ጎጆ እንጀራ ነበር።

ቤቱን ለረጅም ዘመን ያካሄዱት ግሪኮች ናቸው። ይህ አያስደንቅም፤ ብዙ ግሪኮች ሐዲዱን ተከትለው መጥተው በመሥመሩ ላይ ሱቅና ሆቴል ከፍተው ነበርና። ከእነርሱ በላይ ያለው ጌታ ግን ይለዋወጥ ነበር። በ1928 ጣሊያን አገሩን ያዘ፤ በ1933 የእንግሊዝ ጦር መሥመሩን ተረከበ፤ በ1938 ለኩባንያው ተመለሰ። በ1952 በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን እኩሌታ አገኘች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም አዲስ አበባ ሆነ። በ1973 ደግሞ መሥመሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ሀብት ሆነ።

በእኔ አስተያየት ግን የቤቱ እውነተኛ ባለቤት ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ የባቡሩ የሰዓት ሰሌዳ ነበር። ባቡሩ ሌሊቱንም መጓዝ ሲጀምር፣ የናፍጣውም ሞተር በእንፋሎቱ ፈንታ ሲገባ፣ አዳሪው ሰው ባቡሩ እስኪያፏጭ አንድ ቢራ የሚጨልጥ አላፊ ሆነ። ለመንገደኛው ዕረፍት የሆነው ለአዋሽ ጉዳት ሆነ፤ አሳላፊዋንና እንቁላል ሻጪዋን ግን ማን ያማክራል?

ከዚያ በኋላ ያለው አሳዛኝ ነው። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ። በጥር 1977 በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ከድልድይ ላይ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። የከባድ መኪና ነጂዎች በመጀመሪያ ወደ አሰብ፣ ከ1990 ወዲህም ወደ ጅቡቲ ሲመላለሱ ገንዘባቸውን የጣሉት በአስፋልቱ ዳር በተከፈቱት አዳዲስ ቡና ቤቶች ነው። አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን ሲያቆም ቡፌው የቀረለት እንግዳ በአብዛኛው አገር ጎብኚ ሆነ፤ ንጉሥ አደሩበት የተባለውን ክፍል ሊያይ የሚመጣ።

በመስከረም 2009 የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ተመረቀ። ለአዋሽም ጣቢያ ተሠራላት፤ ነገር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከዚያ የሚወርድ መንገደኛ አሮጌውን በረንዳ ለማየት ቢፈልግ ባጃጅ መሳፈር አለበት።